ስድስት ስም፣ አንድ መድኃኒት

በቤትዎ እርሾ ሥራ የሚፈታበት ቀን አለ? ሊጡ ሲቦካ፣ ዳቦው ኩፍ ሲል፣ ለበዓል ጠላ ሲጠነሰስ የሚደክመው በዓይን የማይታይ ባለ አንድ ሴል ፈንገስ ነው። የዚህ ፈንገስ ዘመዶች ደግሞ ሳናውቃቸው አብረውን ይኖራሉ፤ በአፋችን፣ በአንጀታችን፣ በቆዳችን፣ በሴቶች ብልት ውስጥ። ብዙውን ጊዜ አይጎዱንም። አንዳንዴ ግን ከልክ በላይ ይራባሉ። ያን ጊዜ በሕፃኑ ምላስ ላይ በቀላሉ የማይለቅ ነጭ ነገር ይታያል፤ እናትየውን ደግሞ ያሳክካታል፣ አይብ የመሰለ ፈሳሽም ታያለች። ከአራት ሴቶች ሦስቱ በዕድሜያቸው ቢያንስ አንድ ጊዜ ይህ ሕመም እንደሚያገኛቸው የሕክምና መጻሕፍት ይናገራሉ። እንግዲህ ጉዳዩ የሁላችንም ቤት ጉዳይ ነው።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። የተማርኩት ቢዝነስ ነው፤ እንጀራዬም ማርኬቲንግ ነው። ቀኑን ሙሉ የምጨነቀው ዕቃ ላይ ስለሚጻፍ ስም፣ ስለ ማሸጊያ ቀለምና ስለ ፊደል መጠን ነው። ስለ እርሾና ስለ መድኃኒት እንዳነብ ያደረገኝም ይኸው ሥራዬ ነው ብል አላጋነንኩም።

በነጠላ ጫፍ የተቋጠረው

አክስቴን እኛ ቤት «እቴቴ» ነው የምንላቸው። የሚኖሩት በምሥራቅ ጎጃም ቁይ ከተማ ነው። ሃምሳ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ጠላቸው በገበያ ቀን ሰው ተሰልፎ የሚጠጣው ነው። ይህን ታሪክ እንድጽፍ ፈቅደውልኛል፤ «ስሜን ብቻ አትጥሪ» ብለው።

ባለፈው ዓመት ለልጄ ክርስትና አዲስ አበባ መጥተው እኔ ዘንድ ሰነበቱ። አንድ ማታ ቤተሰቡ ከተኛ በኋላ የነጠላቸውን ጫፍ ፈቱና ስድስት ባዶ የመድኃኒት ማሸጊያ ጠረጴዛው ላይ ደረደሩ።

«እስቲ አንብቢልኝ ልጄ፤ ደኅናው የትኛው ነው?»

«ምንዎን አሞዎት ነው እቴቴ?»

«ብርድ ነው መሰለኝ። ያሳክከኛል። ይተወኛል፤ ደግሞ ይመለሳል። ዓመት ከመንፈቅ ሆነው።»

ዓመት ከመንፈቅ! ለእህታቸውም፣ ለሴት ልጃቸውም አልተናገሩም። «በዚህ ዕድሜዬ ይህን ለማን እነግራለሁ?» አሉኝ። ሲብስባቸው ከአንድ መድኃኒት መሸጫ ሄደው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይጠይቃሉ፤ አንድ ፍሬ ይሰጣቸዋል። ስኳር አለብዎት ወይ፣ ስንተኛ ጊዜዎ ነው፣ ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ ወይ ያላቸው የለም። ሕመሙ ሲመለስ «ያኛው አልበጀኝም፣ ሌላ ስጠኝ» ይላሉ፤ ሌላ ይሰጣቸዋል።

ማሸጊያዎቹን አንድ በአንድ አየሁ። ስድስት ቀለም፣ ስድስት ስም ነበሩ። ከስሙ ሥር በደቃቅ ፊደል የተጻፈው ግን በስድስቱም ላይ አንድ ነው፦ ፍሉኮናዞል፣ 150 ሚሊ ግራም። እቴቴ መድኃኒት የቀየሩ መስሏቸው ስድስት ጊዜ ያንኑ መድኃኒት ገዝተዋል።

በእኔ ሙያ ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ትልቁ ፊደል የኩባንያው ነው፤ ትንሹ ፊደል የታማሚው ነው። ፋብሪካው የራሱን ስም ቢያወጣ ሕጋዊ መብቱ ነው። ገዢ ግን ማንበብ ያለበት ትንሹን ነው።

ቅቤና ኑግ ዘይት

በማግስቱ እቴቴን ይዤ ወደ ሴቶች ሐኪም ሄድን። ዶክተሯ ትዕግሥተኛ ነበሩ። እቴቴ መጀመሪያ የጠየቁት አንድ ነገር ነው፦ «ጠላዬ ይሆን ያመጣብኝ?» የልጆቻቸውን ትምህርት ቤት የከፈሉት በዚያ ጠላ ነውና ጥያቄው ከባድ ነበር። ዶክተሯ የጠላና የዳቦ እርሾ ሰውን የሚያሳምመው እጅግ አልፎ አልፎ፣ አቅሙ ክፉኛ በደከመ ሰው ላይ መሆኑን ነገሯቸው፤ እሳቸውን ያስቸገራቸው ሌላ ዘመዱ ነው፤ ካንዲዳ ይባላል።

ቀጥሎ ያለውን ከዶክተሯ ከሰማሁትና በኋላ ካነበብኩት ነው የማካፍልዎ።

እርሾም ሆነ የእኛ አካል ሴል በስሱ የቅባት ቆዳ የተጠቀለለ ነው። ምግብ የሚገባው፣ ቆሻሻ የሚወጣው፣ መድኃኒትም የሚያልፈው በዚህ ቆዳ ነው። ቆዳው ከደረቀ ሴሉ ይታፈናል፤ ከላላ ደግሞ ያፈስሳል። ሁልጊዜ በመሀል መሆን አለበት።

ቁይ በጥቅምት ጠዋት ቅቤና ኑግ ዘይት ጎን ለጎን አስቀምጠው ይመልከቱ። ቅቤው ረግቶ ድንጋይ ይሆናል፤ ኑጉ ይፈስሳል። የቅቤው ቅባት ሞለኪውሎች አብዛኞቹ ቀጥ ያሉ ስለሆኑ እንደ ተደረደረ ፍልጥ ይጠጋጋሉ፤ የኑጉ ግን ጎባጣ ስለሆኑ አይገጥሙም። እርሾ ይህን ጥበብ በደመ ነፍስ ያውቀዋል። ሲበርደው በቆዳው ላይ ቅቤ መሰሉን ቀንሶ ዘይት መሰሉን ይጨምራል፤ ሲሞቀው ይገለብጠዋል። ይህን ስነግራቸው እቴቴ አልገረማቸውም። «በብርድ ጊዜ ጥንስስ ይለግማል፤ ቀስ እያለ ግን ይለምደዋል» አሉ። በጋናቸው ውስጥ ሲያዩት የኖሩት ነገር ነው።

ቆዳውን በመሀል የሚያቆየው ዋና ቅባት ግን ሌላ ነው። በእኛ ሴል ውስጥ ሥራው የኮሌስትሮል ነው፤ በፈንገስ ዘንድ ኤርጎስቴሮል ይባላል። ሁለቱ ወንድማማች ናቸው፤ ልዩነታቸው ጥቂት ነው። ኤርጎስቴሮል ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1889 ፈረንሳዊው ቻርለስ ታንሬ ኤርጎት ከሚባል የእህል ፈንገስ ለይቶ ባወጣው ጊዜ ነው። ያ ፈንገስ ለእኛ አገርም እንግዳ አይደለም፤ በ1970 ዓ.ም. ገደማ በወሎ ዋድላ ደላንታ ሲናር ላይ በቅሎ ከእህል ጋር ተበልቶ የብዙ ሰው እጅና እግር ያበሰበሰው እሱ ነው።

መድኃኒቱ የሚመታው የት ነው?

ባክቴሪያን መግደል ቀላል የሚሆነው ከእኛ በጣም ስለሚለይ ነው። ፈንገስ ግን ይቀርበናል። ኒውክለስ ካላቸው ፍጥረታት ሁሉ መጀመሪያ ሙሉ የዘር መዝገቡ የተነበበው የዳቦ እርሾ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1996። በዚያ መዝገብ ውስጥ በእኛም ሰውነት አምሳያ ያላቸው ብዙ ጂኖች ተገኝተዋል። ስለዚህ ፈንገስን የሚጎዳ ነገር እኛንም ሊጎዳ ይችላል። የመድኃኒት ቀማሚዎች ካገኟቸው ጥቂት ልዩነቶች ትልቁ ያ አንድ ቅባት ነው። በየፋርማሲው ከምናያቸው የፈንገስ መድኃኒቶች አብዛኞቹ የሚነጣጠሩት እሱ ላይ ነው።

የሚመቱት ግን በሁለት መንገድ ነው።

አንደኛው ቅባቱን ራሱን ይይዛል። ለሕፃናት አፍ በጠብታ የሚሰጠው ኒስታቲን እንዲህ ነው። ያገኙት ኤልዛቤት ሄዘንና ራቸል ብራውን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ሴቶች ናቸው። አንዷ ኒው ዮርክ ከተማ፣ ሌላዋ አልባኒ ሆነው ናሙና በፖስታ እየተላላኩ ሠሩ፤ ከአንድ የቨርጂኒያ እርሻ አፈር ያገኙትን መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ1950 ይፋ አደረጉ። ስሙን ያወጡለት በኒው ዮርክ ስቴት ነው። ከመድኃኒቱ የተገኘውን ከ13 ሚሊዮን ዶላር በላይ ለራሳቸው ሳያስቀሩ ለሳይንስ ምርምር ሰጡት። ለከባድ ሕመም በደም ሥር የሚሰጠው አምፎቴሪሲን ቢም የዚሁ ወገን ነው።

ሁለተኛው ቅባቱን አይነካም፤ መሥሪያውን ይዘጋል። እርሾ ኤርጎስቴሮልን የሚሠራው ከ20 በላይ በሆኑ ደረጃዎች ነው፤ በየደረጃው አንድ ሠራተኛ ኢንዛይም አለ። ፍሉኮናዞል፣ ክሎትሪማዞል፣ ማይኮናዞልና ኬቶኮናዞል ከእነዚህ ሠራተኞች አንዱን ይዘው ያስቀምጡታል። ቅባቱ ያጥራል፤ ያልተጠናቀቀው ጥሬ ዕቃ ይከማቻል፤ ቆዳው ይበላሻል። ልብ ይበሉ፤ ፍሉኮናዞል ካንዲዳን በአብዛኛው እንዳይራባ ያቆመዋል እንጂ ወዲያው አይገድለውም። የቀረውን ጠርጎ የሚያወጣው የራሳችን የመከላከል አቅም ነው። አቅሙ ከደከመ መድኃኒቱ ብቻውን ይቀራል።

የእርሾው መልስ

በብርድ ጊዜ ቅባቱን መለወጥ የሚያውቅ ፍጥረት መድኃኒት ሲመጣበትም እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም። ተመራማሪዎች በተለይ አራት መልሶቹን አጥንተዋል።

መድኃኒቱ የሚይዘውን ሠራተኛ ቁጥር ያበዛል፤ አሥሩ ቢያዙበት ሃያ ይቀጥራል። ወይም የሠራተኛውን ቅርጽ በጥቂቱ ይለውጥና መድኃኒቱ አልይዘው ይላል። ሦስተኛው መልስ ቆዳው ላይ ፓምፕ ተክሎ የገባውን መድኃኒት መልሶ መትፋት ነው። ይህ ፓምፕ በደንብ የሚሠራው በዙሪያው ያለው ቅባት ሲመቸው ነው፤ ቅባቱ ከተዛባ ፓምፑም ይሰንፋል። አራተኛው ከሁሉ ያስደንቃል፦ እርሾው ያለ ኤርጎስቴሮል መኖር ይለምዳል። ከአንድ ደረጃ ላይ መንገድ ይቀይርና ሌላ ዓይነት ቅባት በቦታው ያስገባል። ያን ጊዜ ፍሉኮናዞል የሚዘጋው ነገር ያጣል፤ አምፎቴሪሲን ቢም የሚይዘው ቅባት ያጣል።

ይህ መልስ ዋጋ ያስከፍለዋል። ኤርጎስቴሮል ያጣ እርሾ ብዙ ጊዜ ደካማ ነው፤ ሙቀትና የሰውነታችንን መከላከያ መቋቋም ይቸግረዋል። አምፎቴሪሲን ቢን የተላመደ ፈንገስ እስካሁን ብዙ ያልሆነበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። በፍሉኮናዞል ላይ ግን ርካሽ መልሶች ስላሉት መላመዱ ይቀልለዋል።

አንዳንድ የካንዲዳ ዓይነቶች ደግሞ ከመጀመሪያውም ፍሉኮናዞልን አይፈሩም። ካንዲዳ ክሩሴይ በተፈጥሮው አይበገርለትም፤ ካንዲዳ ግላብራታም በቀላሉ አይሸነፍም። የተለያዩ እርሾዎች አብረው ባሉበት ቦታ መድኃኒት ደጋግመን ስንጨምር ደካማው ይሞታል፤ ጠንካራው ቦታውን ይወርሳል። የጎጃም ገበሬ ፍሬው ያማረውን ዛላ ለዘር እንደሚለይ ሁሉ፣ እኛም ሳናስበው ለፈንገሱ ምርጥ ዘር እንመርጥለታለን።

አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ለቀላል ሕመም አንድ ፍሬ ፍሉኮናዞል ትክክለኛ ሕክምና ነው፤ ሐኪሞችም ያዝዙታል። አደጋው ምንነቱ ሳይታወቅ፣ ሳይመረመር፣ ስም እየተቀያየረ ሲደጋገም ነው።

ከስኳሩ ጋር የተገናኘው

ከእቴቴ የተወሰደው ናሙና በላቦራቶሪ ተዘርቶ እንዲበቅል ተደረገ። ውጤቱ ሲመጣ ካንዲዳ ግላብራታ ሆነ። ዶክተሯ ግን ውጤቱን ሳይጠብቁ ሌላ ምርመራ አዝዘው ነበር፤ የደም ስኳር። ቁርስ ሳይበሉ ተለካ፤ ከ200 በላይ! በባዶ ሆድ 126 እና ከዚያ በላይ ሆኖ በድጋሚ ምርመራ ከተረጋገጠ የስኳር በሽታ ይባላል። በድጋሚ ተለካ፤ ያው ነው።

ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ ማሳከኩ ሲናገር የነበረው ይህን ነው። ስኳር በሰውነት ውስጥ ሲበዛ ለካንዲዳ ድግስ ነው፤ የመከላከል አቅምንም ያዳክማል። እቴቴ ስድስት ጊዜ የገዙት መድኃኒት ቢሠራላቸው ኖሮ እንኳ፣ ስኳሩ ሳይታወቅ ዓይናቸውንና ኩላሊታቸውን ይበላ ነበር።

ሁለት ሕክምና አብሮ ተጀመረ፦ ለስኳሩ ክኒንና የአመጋገብ ምክር፣ ለፈንገሱ ደግሞ ቅባቱን በቀጥታ የሚይዘው ኒስታቲን፣ ወደ ውስጥ የሚገባ፣ ለ14 ቀናት። በአምስተኛው ቀን ማሳከኩ ጠፋ። «በቃኝ፣ ድኛለሁ» አሉ። «አንቱ፣ ጠላ ገና ሲፈላ ከጋን ይቀዳል እንዴ?» አልኳቸው። ሳቁና እስከ 14ኛው ቀን ቀጠሉ። ይህን ስጽፍ ስምንተኛ ወራቸው ነው፤ አልተመለሰባቸውም። ስኳራቸውን ደብረ ማርቆስ ይከታተላሉ።

ከአንድ ቤት የሰፋ ነገር

ይህ የእቴቴ ብቻ ጣጣ ቢሆን ኖሮ መጽሔት ላይ ባላወጣሁት። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2022 ለመጀመሪያ ጊዜ አሳሳቢ የሆኑ 19 ፈንገሶችን ዝርዝር አውጥቷል። በአንደኛ ደረጃ ካስቀመጣቸው አራት ውስጥ ሁለቱ የካንዲዳ ወገን ናቸው። አንዱ በየቤታችን ያለው ካንዲዳ አልቢካንስ ነው። ሌላው ካንዲዳ ኦሪስ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 ጃፓን ውስጥ ከአንዲት ታማሚ ጆሮ የተገኘ ነው፤ አብዛኛው ዝርያው ፍሉኮናዞልን ተላምዷል፤ በሆስፒታል ውስጥ ከሰው ወደ ሰው ይዛመታል።

በዚያው አንደኛ ደረጃ ላይ ክሪፕቶኮከስም አለ፤ ኤችአይቪ አቅማቸውን ያዳከመባቸውን ሰዎች አንጎል ሽፋን የሚያጠቃ እርሾ ነው። ለእነዚህ ሰዎች ፍሉኮናዞል የሕይወት ገመድ ነው። እኛ ለማሳከክ እንደ ከረሜላ የምንገዛው ፍሬ ለሌላው የመጨረሻ ተስፋው ነው። የፈንገስ መድኃኒት ዓይነቱ ደግሞ በጣት የሚቆጠር ነው፤ አንዱ ሲበላሽ «ሌላ ስጠኝ» የምንለው ብዙ የለም።

ለቤትዎ

መድኃኒት ሲገዙ «ውስጡ ያለው ምንድን ነው?» ብለው ይጠይቁ፤ ከትልቁ ስም ሥር ያለውን ትንሹን ጽሑፍ ያንብቡ። ባዶ ማሸጊያውን አይጣሉ፤ ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ ይያዙት። እቴቴን የረዳቸው የነጠላቸው ቋጠሮ ነው።

ማሳከኩ በዓመት ሦስት ጊዜ ከተመለሰ መድኃኒት ከመድገምዎ በፊት ምርመራ ይጠይቁ፤ የፈንገሱ ዓይነት እንዲለይ፣ ስኳርም እንዲለካ። ብዙ ጊዜ ፈንገስ የሚመስለው ነገር ፈንገስ ሳይሆን ይቀራል፤ የባክቴሪያ ሕመምም ያሳክካል፣ ሳሙናም ያሳክካል።

ነፍሰ ጡር ከሆኑ የሚዋጥ ፍሉኮናዞል ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይውሰዱ። ለሕፃኑ አፍ ጠብታ ከታዘዘ ነጩ ነገር ቢጠፋም የታዘዘውን ቀን ይጨርሱ፤ ጡት የምታጠባ እናትም አብራ እንድትታይ ያድርጉ፤ አለዚያ ይቀባበሉታል።

ክሬም ሲገዙ ስቴሮይድ የተቀላቀለበት እንዳይሆን ይጠንቀቁ። ማሳከኩን ጸጥ ያደርጋል፤ ፈንገሱ ግን ከሥር ይስፋፋል። ሕንድ ውስጥ እንዲህ ያለ ድብልቅ ክሬም ያለ ገደብ በተሸጠባቸው ዓመታት መድኃኒት የማይበግረው የጭርት ዓይነት ተነሥቶ ወደ ሌሎች አገሮች ተሻግሯል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህን በማሸጊያ ላይ አያገኙትም። እቴቴን ዓመት ከመንፈቅ ያስቸገራቸው ፈንገሱም፣ ስኳሩም፣ ከሁሉ በላይ ግን ዝምታው ነው። ከገጠር የመጣች እናት፣ አክስት ወይም አማት ስትጠየቅ «ብርድ ነው» ትላለች። ብርድ የሚለው ቃል ስንት ነገር እንደሚሸፍን እኛ የቁይ ልጆች እናውቃለን። ስለዚህ ይህ ወር ሳያልቅ ይደውሉላቸው። «ደኅና ነዎት?» ብለው አያቁሙ፤ «ደኅና ነኝ» ይሉዎታልና። «ሰሞኑን ምን መድኃኒት ገዙ? እስቲ ማሸጊያውን ያምጡና ያንብቡልኝ» ይበሉ። ማንበብ ካቃታቸው ለልጅ ይስጡት። ትንሹን ጽሑፍ።